ሰፍነግ በቀበናው ባሕር

ነጅመዲንን «ሥራህ ምንድን ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው መልሱን ሰምቶ ሳይስቅ አይሄድም። «ባሕር እጠብቃለሁ» ይላል፤ ያውም ኮስተር ብሎ። ቀበና ተወልዶ ፀጉሩ ቀበና የሸበተ፣ ከሰፈሩ ወንዝ ሌላ ውኃ የማያይ ሰውዬ ባሕር ከየት አመጣ? ግን አይዋሽም። ከድልድዩ ከፍ ብሎ ዳገቱ ላይ፣ በወይዘሮ ፈትለወርቅ ሳሎን ውስጥ፣ ከምግብ ጠረጴዛው ፊት ለፊት፣ ስድስት መቶ ሊትር የሚይዝ የመስታወት ገንዳ ቆሟል። ውኃው ጨዋማ ነው፤ ፓምፑ ማዕበል ያስነሣል፤ ዓሣዎች ይዋኙበታል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ኮራል ያድግበታል።

ኮራልን ለማያውቅ ሰው እንዲህ እያለ ነው የሚያስረዳው፤ «ከሩቅ ሲያዩት ድንጋይ ነው፤ ጠጋ ሲሉት ዛፍ ነው፤ ነገሩ ግን እንስሳ ነው። ሺህ ሆኖ አንድ ቤት የሠራ እንስሳ።» ሰውዬው አሁንም ካልገባው ነጅመዲን ይናደዳል። በሌላው ነገር ሁሉ ለስላሳ ነው፤ በባሕር ጉዳይ ግን ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረበትም።

ባሕርን ያወቀው በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ አሰብ ወርዶ ነው። ሥራው የጀልባ ሆድ መፋቅ ነበር። ትንፋሹን ይዞ ይጠልቅና እንጨቱ ላይ የተለጠፈውን ዛጎልና ዝልግልግ ነገር በብረት መፋቂያ እየፋቀ ይጥላል። ጨው ቆዳውን እየላጠው ይህን ሲሠራ አራት ዓመት ቆየ፤ እሱን ብትጠይቁት ግን ከዕድሜው ሁሉ የጣፈጠው ያ ጊዜ ነው። ወደቡ ሲቀር እሱም አዲስ አበባ ተመለሰ። ሞተር መጠቅለል ተማረ፤ ሳፊያን አገባ፤ ሾላ ገበያ ጀርባ አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ከፍቶ የተቃጠለ የውኃ ፓምፕ መጠገን ያዘ። ግራና ቀኙ በርበሬና ሽንኩርት ይሸጣል፤ እሱ መሐል ተቀምጦ የመዳብ ሽቦ ይጠቀልላል።

አንድ ክረምት ረጅም ሽማግሌ ትንሽዬ ፓምፕ በጋዜጣ ጠቅልለው መጡ። ነጅመዲን ፓምፗን ፈታና ጣቱን ውስጧ ከቶ ምላሱን አስነካው። «ጨው!» አለ ዓይኑ ፈጥጦ፤ «ጋሼ፣ ይቺ ነገር ባሕር ውስጥ ነበረች እንዴ?» ሽማግሌው አቶ ኃይለጊዮርጊስ ይባላሉ፤ የወይዘሮ ፈትለወርቅ ባል፣ ዕድሜያቸውን በመርከብ ሞተር ክፍል የጨረሱ መሐንዲስ ናቸው። ያን ቀን ሻያቸው እስኪቀዘቅዝ ስለ ቀይ ባሕር ሲያወሩ አመሹ። ከዚያ በኋላ ነጅመዲን ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት እየሄደ ገንዳውን ይንከባከብ ጀመር። ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ውኃውን እንዳይጎዳው ማሞቂያ ገጠመ፤ መብራት ሲጠፋ ፓምፑ እንዳይቆም ባትሪ አስገባ።

ሽማግሌው በጣም የሚሳሱት ለአንዲት ኮራል ነበር። ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት ዱባይ ካለ ሱቅ፣ እዚያው በሱቁ ገንዳ ውስጥ ከበቀለች እናቷ ተቆርጣ የተሸጠችላቸው ናት። ያኔ አውራ ጣት ታህል ነበር፤ ውኃ በሞላ ላስቲክ አድርገው አቅፈዋት መጡ። ዛሬ ሁለት መዳፍ ቢዘረጋ አይሸፍናትም፤ መልኳ አረንጓዴ ሆኖ የቅርንጫፎቿ ጫፍ ሐምራዊ ነው። ባልና ሚስቱ ልጅ አልወለዱም፤ «እኔም እቺን አሳድጌያለሁ» ይሉ ነበር አቶ ኃይለጊዮርጊስ። የዛሬ ሁለት ዓመት ሕመሙ ሲጠናባቸው ነጅመዲንን አልጋቸው አጠገብ አስቀመጡና «ባሕሩን አደራ፤ እሷን ደግሞ በተለይ አደራ» አሉት። አደራ ቀልድ አይደለም። ሰውዬው ዐረፉ፤ ነጅመዲንም አንድ ቅዳሜ ሳያጓድል ቀጠለ።

ታዲያ በጥቅምት ወር ከኮራሏ ሥር አንዲት ቢጫ ነገር አየ። የምስር ወጥ ጠብ ያለባት ይመስል ነበር። በወሩ ተንሰራፍታ ቅርንጫፍ መውጣት ጀመረች። ጎንበስ ብሎ አያት፤ ቀዳዳ ቀዳዳ ያላት፣ ሲነኳት እንደ ፍራሽ የምትለሰልስ ናት። ከአሰብ ያውቃታል፤ ሰፍነግ ናት። ሰፍነግ በራሷ ክፉ ፍጥረት አይደለችም፤ ውኃ እየጠጣች፣ በውኃው ውስጥ የተረፈውን እንጥፍጣፊ እየለቀመች የምትኖር ምስኪን ናት። ኮራል ላይ ከወጣች ግን ታፍናታለች። የደረሰችበት ቅርንጫፍ ሥጋው ይሸሽና ነጭ አጥንቱ ይቀራል።

ነጅመዲን መጀመሪያ የሠራው ስሕተት የአሰብ ልጅ ስሕተት ነው። እጁን ገንዳው ውስጥ ከቶ፣ በጥርስ ብሩሽ፣ እንደ ጀልባ ሆድ ፈገፈጋት። አሰብ ላይ ፍቀህ ስትጥል ባሕሩ ይወስደዋል፤ የሳሎን ባሕር ግን የትም አይወስድም። እዚያው እየዞረ ተበተነ። በሦስተኛው ሳምንት አንዷ ሰፍነግ አምስት ሆና ጠበቀችው። ራሱን «ደደብ» ብሎ ሰደበ፤ አቶ ኃይለጊዮርጊስ ቢኖሩ የሚሉትን እያሰበ አፈረ።

ቀጥሎ የሠራው ትክክል ነበር። ጠላቂዎች አሰብ ላይ ሲናገሩ የሰማው አንድ ነገር ትዝ አለው፤ ሰፍነግ አየር አትችልም፤ አንዴ ከውኃ ወጥታ ሆዷ አየር ከገባ አለቀላት። ኮራል ግን ባሕሩ በሸሸ ቁጥር ፀሐይ ላይ መቆየት የለመደች ናት። ስለዚህ ከገንዳው ውኃ ቀድቶ ሳፋ ሞላ፤ ኮራሏን ከነድንጋይዋ አውጥቶ ፎጣ ላይ አስቀመጠ፤ በወረንጦ አንድ በአንድ ይነቅል ጀመር። የተነቀለውን ጋዜጣ ላይ ይጥላል፤ የቀረውን አምስት ደቂቃ አየር ያስመታዋል፤ ሳፋው ውስጥ ያለቀልቃታል፤ እንደገና ያወጣታል። ወይዘሮ ፈትለወርቅ መነጽራቸውን አድርገው አጠገቡ ቆሙ።

«ምንድን ነው እሱ፣ ነጅሙ?»

«ሰፍነግ ነው፣ እትዬ።»

«ሰፍነግ? ለጌታችን ሆምጣጤ ያጠጡበት?»

«ዘመዱ ነው።»

«በስመ አብ! እኔ ቤት ምን ይሠራል ታዲያ?» ብለው አማተቡ፤ ከዚያ ወዲያ ሰፍነጉን በክፉ ዓይን ነው የሚያዩት።

ኮራሏ ነጽታ ተመለሰች። ግን ገና ታኅሣሥ ሳያልቅ ሰፍነጉ መልሶ በቀለ። እንደገና አጸዳ፤ እንደገና በቀለ። የሚነቀል ነገር እየተመለሰ ሲበቅል አንድ የሚመግበው አለ ማለት ነው። ነጅመዲን ውኃውን በመመርመሪያው ጠብታ ሲለካው ቀለሙ ድርግም ያለ ሰማያዊ ሆነ፤ ውኃው በምግብ ትራፊ ተሞልቷል። የዓሣውን መኖ ቀነሰ። ጨውን ጠረጠረ፤ ለወጠ። በመጨረሻ ሳምንት ውስጥ ሦስት ቀን እየመጣች ቤቱን የምታጸዳውንና ወጥ የምትሠራውን ውዴን ጠረጠረ።

«የሳሙና እጅሽን እዚህ ውኃ ውስጥ ትከቻለሽ?» አላት።

«እኔ?» አለች ውዴ፤ «ያ ዓይኑን የሚያፈጥ ዓሣ ያስፈራኛል እኮ! ከመስታወቱ አልፌም አላውቅ። ጋሼ ነጅሙ ሌላ ሰው ፈልግ።» ለሁለት ሳምንት ሰላምታ ነሣችው፤ እውነቷን ነው።

ነገሩን ያወጣው አፍንጫው ነው። ገንዳው ሥር ቆሻሻውን በአረፋ እየሳበ ወደ አንዲት ኩባያ የሚያወጣ ማሽን አለ። አንድ ቅዳሜ ኩባያዋን ሊደፋ ሲያነሣት አረፋው ቀላ ብሎ አየው። አሸተተው። ቅቤ ነው፤ ያውም በኮረሪማ የተነጠረ፣ ከበርበሬ ጋር የተቁላላ። የወጥ አረፋ!

የሚቀጥለው ማክሰኞ፣ ባልተቀጠረበት ቀን፣ በምሳ ሰዓት መጣ። ውዴ ወጥታ ሄዳለች፤ የሳሎኑ በር ገርበብ ብሏል። ወይዘሮ ፈትለወርቅ ወንበራቸውን ወደ ገንዳው አዙረው ምንቸት አብሽ ያጠቅሳሉ። አንድ ጎረሱ። ቀጥለው ትንሽ፣ የዕንቁላል አስኳል የምታህል ጉርሻ ጠቅልለው ተነሡና የገንዳውን ክዳን ገለጥ አደረጉ። «በሞቴ!» ይላሉ። «አንተ ዞር በል፤ ቅድም ጎርሰሃል። ለእሷ ተዋት። በሞቴ ብዬሻለሁ!» ባለ ነጭ መቀነቶቹ ዓሣዎች ጉርሻዋን እየተሻሙ ይቦጫጭቃሉ፤ የቀረው እንደ ዝናብ ኮራሏ ሥር ይወርዳል።

«እትዬ! ምን እያደረጉ ነው?»

«ምሳ እየበላን ነዋ። ግባ እንጂ!»

«እነዚህ ወጥ አይበሉም እኮ!»

«ኧረ አንጀታቸው እስኪርስ ነው የሚበሉት! ደግሞስ እንዲህ ዓይናቸውን አፍጥጠው እያዩኝ ብቻዬን ልጎርስ ነው? ሰው ምን ይለኛል?»

«የትኛው ሰው፣ እትዬ?» አለ ነጅመዲን።

ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው ክፉ ቃል መሆኑ የገባው። ሴትዮዋ እጃቸውን በናፕኪን ቀስ ብለው ጠረጉ። አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ ከባላቸው ጋር አንድ ትሪ የበሉ ሰው ናቸው፤ ያ ጠረጴዛ ከአቶ ኃይለጊዮርጊስ ወዲህ ሁለተኛ እጅ አልቀረበበትም። ነጅመዲን መመለሻ ስላጣ የያዘውን ጨረሰ፤ ሰፍነጉ የሚበላው የጉርሻውን ትራፊ እንደሆነ፣ ጉርሻው እስካለ ቢነቅለው ቢነቅለው እንደማይጠፋ፣ ኮራሏም እስከ ክረምት እንደማትቆይ ነገራቸው።

ወይዘሮ ፈትለወርቅ ኮራሏን አዩ፤ አንድ ጎኗ ነጥቷል። «የኃይሌን አደራ እያፈንኩት ያለሁት እኔ ነኝ በለኛ» አሉ። «ይብቃ፤ ከዛሬ ጀምሮ አንዲት ፍርፋሪ አልጥልም።»

ሴትዮዋ ቃላቸው ቃል ነው። በሦስት ሳምንት ውስጥ የመመርመሪያው ጠብታ ቀለሙ ፈዘዘ። ነጅመዲን ለመጨረሻ ጊዜ ኮራሏን አውጥቶ በወረንጦ ለቀመላት፤ ሰፍነጉም አልተመለሰም። ደስ ብሎት እያፏጨ ሊወጣ ሲል ውዴ በር ላይ ያዘችው።

«ደስ አለህ አይደል፣ ጋሼ ነጅሙ?»

«ምነው?»

«ና ድስቱን ገልጠህ እየው።» ወጥ ቤት ወሰደችው። «ይሄን ወጥ ሰኞ ነው የሠራሁት፤ ዛሬ ቅዳሜ ነው። አንድ ጭልፋ ነው የጎደለው። ዓሣውን ላለማየት ወንበራቸውን ወደ ግድግዳ አዙረዋል፤ ትንሽ ይነካኩና ይተዉታል። ምነው ስላቸው ‹ብቻዬን አይወርድልኝም› ነው የሚሉት። ለዓሣ ሲያጎርሱ ቢያንስ እሳቸውም ይጎርሱ ነበር።»

ነጅመዲን ወደ ሳሎን ተመለሰና ሴትዮዋን ለመጀመሪያ ጊዜ ትክ ብሎ አያቸው። ቀለበታቸው ጣታቸው ላይ ይዞራል፤ የሹራባቸው አንገት ሰፍቷል። ለሦስት ሳምንት ኮራል ሲያይ እሳቸውን አላየም። ጉርሻው ይመለስ ቢል ኮራሏ ትሞታለች፤ ይቅር ቢል እኚህ ሰው ጠረጴዛው ላይ ያልቃሉ። አደራ የሰጡት ሰውዬ ይህን ቢያዩ ምን ይሉት ነበር?

ማታ ለሳፊያ አወራት። ሳፊያ ልብስ እያጠፈች ሰማችውና ቀና አለች።

«ለዓሣ ከሚሰጡት፣ አንተ አፍ የለህም?»

«የክርስቲያን ሥጋ ልብላልሽ እንዴ?»

«ማን ሥጋ ብላ አለህ? ዓርብ ዓርብ ምንድን ነው የሚበሉት?»

ነጅመዲን ሠላሳ ዓመት አብሯት ሲኖር ይቺ ሴት እንደምትበልጠው ያውቃል፤ ጮክ ብሎ ተናግሮት ግን አያውቅም።

ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ወይዘሮ ፈትለወርቅ ጾማቸውን በሚፈቱበት ሰዓት፣ መጣ። የወረንጦ ሣጥኑን አልያዘም። እጁን ታጠበና ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ዛሬ ምነው? ቅዳሜ አይደል ቀንህ?»

«ርቦኛል፣ እትዬ። ጾም አይደል? ሽሮ ከሆነ እበላለሁ።»

ሴትዮዋ ቆመው አዩት። ከዚያ እንጀራ ጨመሩ፤ ሽሮ ጨመሩ፤ ጎመን አወጡ፤ ቤት ውስጥ የሌለ ሰላጣ ከጓሮ ቆረጡ። አንድ ሲያጎርሱት አንድ ይጎርሳሉ፤ እሱም ሲያጎርሳቸው «ኧረ በዛ!» እያሉ ይውጣሉ። ዓሣዎቹ መስታወቱ ላይ ተደርድረው ያያሉ። «እናንተ ኃይሌ ካረፈ ጀምሮ በልታችኋል» አሏቸው ሴትዮዋ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የገንዳው ሥራ ከቅዳሜ ወደ ረቡዕና ዓርብ ዞረ። ብዙም ሳይቆይ ዐቢይ ጾም ገባ፤ በሳምንቱም ረመዳን ተከተለው። ሁለቱ ጾሞች ሲገጥሙ ነጅመዲን ተጨነቀ፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብላት አይችልም።

«እትዬ፣ ለዚህ ወር እርስዎ ይብሉ፤ እኔ አጠገብዎ እቀመጣለሁ።»

«አንተ ጾምህን ይዘህ እያየኸኝ? እኔ ልበላ? ምን አድርጌህ ነው እንዲህ የምትንቀኝ?» ተቆጡ። እስከ መግሪብ እጾማለሁ አሉ፤ ማንም አልመለሳቸውም። አዛኑ ከታች ሲሰማ እሳቸው ያማትባሉ፣ እሱ ቴምር ያነሣል፤ ሳፊያ የምስር ሳምቡሳ ይዛ አብራው ትመጣለች። ሦስት ሆነው ይበላሉ። ጎረቤት መጀመሪያ አማ፤ ቀጥሎ ለመደው። ረመዳን ካለቀ በኋላ ደግሞ በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። የወይዘሮ ፈትለወርቅ ቀለበት መዞሩን ተወ፤ በነጣው የኮራሏ ጎን ላይም አረንጓዴ ሥጋ ከዳር ይዞ ወደ መሐል ተመልሶ ይሸፍን ጀመር።

የሕማማት ሳምንት ሲገባ ግን ነጅመዲን እንቅልፍ አጣ። ከፋሲካ በኋላ ሃምሳ ቀን ሙሉ ረቡዕም ዓርብም የለም፤ ይፈሰካል። ሃምሳ ቀን ሥጋ፣ ሃምሳ ቀን ዶሮ። ማን አብሯቸው ሊቀመጥ ነው? ወይ ወንበሩ ወደ ግድግዳ ይዞራል፣ ወይ ጉርሻው ወደ ገንዳው ይመለሳል። ሳፊያንም ጠየቃት፤ በዚህኛው እሷም መላ አልነበራትም።

የፋሲካ ዕለት ረፋድ ላይ እንኳን አደረሰዎ ሊል ሄደ። በሩን ሲገባ ዓይኑ መጀመሪያ የሄደው ወደ አረፋው ኩባያ ነው፤ ነጭ ነው፤ አይሸትም። ወይዘሮ ፈትለወርቅ ሌሊቱን ሲያስቀድሱ ያደሩበትን ነጭ ልብስ እንደለበሱ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጠዋል። መሐል ላይ ክዳኑ ያልተነሣ፣ መለያ ወረቀቱ እንኳ ከጎኑ ያልተላጠ አዲስ ድስት አለ።

«እንኳን አደረሰዎ፣ እትዬ። ጾም እንዴት ፈቱ?»

«አልፈታሁም።»

«እንዴ! አራት ሰዓት ሊሆን ነው እኮ። አገር ምድሩ ከሌሊት ጀምሮ እየበላ ነው!»

«አገር ምድሩ ይብላ። እጅህን ታጠብ።»

ድስቱን ከፈቱት። የዶሮ ወጥ ሽታ ቤቱን ሞላው፤ ቀይ፣ ቅቤው የወጣ፣ ሽንኩርቱ የቀለጠ። ነጅመዲን ፊቱ ወደቀ። «እትዬ… ይህን እኮ እኔ…»

«ጨልፈህ እየው።»

ጭልፋውን ሰደደ። ዕንቁላል ወጣ። እንደገና ሰደደ፤ ዕንቁላል። ታች ድረስ ቢያስስ ክንፍ የለ፣ እግር የለ፣ መላላጫ የለ። ዐሥራ ሁለት ዕንቁላል ብቻ ነው።

«ዶሮዋስ?»

«ዶሮዋን ከነነፍሷ ለውዴ ሰጠኋት። ድስቱም አዲስ ነው፤ ጭልፋውም ቢላዋውም አዲስ ነው፤ ሥጋ አልነካቸውም። ዕንቁላል ማንም በማንም ስም አያርደው፣ ነጅሙ፤ ያንተም ነው፣ የኔም ነው። ሃምሳውን ቀን በዚህ እንወጣዋለን።»

ነጅመዲን ዓይኑ እንባ ሞላ፤ ሊደብቀውም አልሞከረ። እጁን ታጥቦ ተቀመጠ። እንጀራ ቆረሰ፤ የዕንቁላሉን ግማሽ ከስልሱ ጋር ደኅና አድርጎ ጠቀለለ፤ «ቢስሚላህ» አለና ወደ እሳቸው ዘረጋ። ወይዘሮ ፈትለወርቅ አማተቡና አፋቸውን ከፈቱ። የሃምሳ አምስት ቀን ጾማቸው በነጅመዲን እጅ ተፈታ።